ለበረዶ የሚሆን ክር

ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው ስንት መከራ እንደቀረለት አያውቅም። የእኛ ፊደል የሆዱን በአፉ የሚናገር ነው፤ እግር ካወጣ ካዕብ፣ ቀለበት ካጠለቀ ኃምስ፣ አለቀ። የዕብራይስጡ ግን ቁጥብ ነው። አጥንቱን ያቀርብላችሁና ሥጋውን ከራሳችሁ ጨምሩበት ይላል። ቆፍ፣ ሬሽ፣ ሔት ተጽፎ ብታገኙ በረዶ ሊሆን ይችላል፣ መላጣ ሊሆን ይችላል፣ ምድር አፏን ከፍታ የዋጠችው ቆሬም ሊሆን ይችላል። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ሳያስቡት ያነቡታል፤ እንዴት አወቃችሁ ስትሏቸው ትከሻቸውን ሰብቀው ያስታውቃላ ይሏችኋል። ከጎንደር ገጠር ተነሥተን፣ አዲስ አበባ ከርመን፣ በአውሮፕላን ተጭነን ለመጣነው ለእኛ አያስታውቅም። ከሠላሳ ዓመት በላይ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ኖሬ፣ በዕብራይስጥ ሠርቼ፣ በዕብራይስጥ ተቆጥቼ፣ ዛሬም የአውቶቡስ ጣቢያ ማስታወቂያ ሳነብ ሎተሪ እንደሚፍቅ ሰው ልቤ ይመታል።

ይህን ሁሉ ያመጣሁት የዓሣ ማጥመጃ ክር ስለመምረጥ ላወጋችሁ ብዬ ነው። ያውም በረዶ ላይ ለሚጠመድ ዓሣ። አዎ፣ ቂርያት ጋት። በእኛ ከተማ በረዶ የሚታየው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው፤ ዓሣም የሚታየው እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሌላ መገናኛ የላቸውም። የእኔም ጉዳይ ዞሮ ዞሮ የተፈታው እዚያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ስለሆነ፣ ነገሩን ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ልጄ ሲጋል ያን የሚባል ልጅ ወደደች። ማንን ልታገቢ ነው ብለው እታለም ሲጠይቋት "ያንን" ብላ መለሰች፤ እሳቸውም ያንን ማንን እያሉ ዞር ዞር ብለው ሰው ፈለጉ። እታለም ታላቅ እህቴ ናቸው። እናታችን ቀድማ ስላለፈች እኔን ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። እኔና ባለቤቴ በፋብሪካው ፈረቃ ስንቀያየር ሲጋልንም ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ ልጅቱ ገና ከመነሻው ቁርጡን ነገረችኝ።

"አባ፣ ዶዳ ካልመረቀችኝ ሑፓ ሥር አልቆምም።"

ዶዳ አክስት ነው፤ ሑፓ ሥር መቆም መጋባት ነው። "ካልመረቁኝ" ማለት ሲገባት "ካልመረቀችኝ" ያለችው ባለጌ ሆና አይደለም፤ ዕብራይስጥ አንቱ የሚባል ነገር ስለሌለው አማርኛዋንም በልቶባት ነው። ያም ሆነ ይህ፣ የልጄ ሠርግ በእታለም ምርቃት ላይ ተንጠለጠለ።

ዘር ቆጠራው አላስቸገረንም። በእኛ ወግ ሁለቱ ቤቶች ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ቆጥረው ዝምድና እንደሌለ ካላረጋገጡ ጋብቻ የለም፤ በዚህ የተነሣ ስንት የተዋደደ ልጅ ተለያይቷል። የያን አባት ግሪሻ ግን ከሩሲያ ሰሜን የመጣ ሰው ነው። መጀመሪያ ቀን በራችን ላይ ሲቆም እታለም ቁመቱን፣ የፊቱን ቅላትና እንደ ባዘቶ የነጣ ቅንድቡን አዩና፣ ይሄ እንኳ አይቆጠርም ብለው ተቀመጡ።

ያስቸገረን ዝምታው ነው። ግሪሻ ሚስቱ የሞተችበት፣ በኢንዱስትሪው ቀጠና ካሉት ጋራዦች በአንዱ የሚሠራ መካኒክ ነው። ያን ቀን ዳቦ በላ፣ ሻይ ጠጣ፣ አመሰግናለሁ አለ፣ ከዚያ በኋላ እጁን ጭኑ ላይ አስቀምጦ እጁን ሲያይ አመሸ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እውነት ነው አንዲት ዝንብ አልገባችም። እኔ ስለ አየሩ አወራሁ። ልጆቹ ካርሜ ጋት በሚባለው ሰፈር ስላዩት አዲስ ቤት ኪራይ አወራሁ። ስለ ባቡሩ መዘግየት አወራሁ። እሱ ራሱን ይነቀንቃል። ሲሄድ እታለም ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው መለስ አድርገው አንድ ቃል ብቻ ተናገሩ፤ "ንቆናል።" ይህች ቃል በእኛ መንደር ሥራ ፈትታ አታውቅም። ያለ ምክንያትም አልተወለደችም፣ አልዋሽም። ችግሩ አንዳንዴ ሳትጠራ መምጣቷ ነው።

ከሳምንት በኋላ፣ ግድ ሆነብኝና፣ በስልክ መልእክት ጻፍኩለት። በላብ የተጻፈ ዕብራይስጥ ነበር፤ ስለ ልጆቹ ሠርግ ቁጭ ብለን የምንነጋገረው መቼ ይመችሃል የሚል። መልሱ ወዲያው መጣ። ሦስት ፊደል። ሔት፣ ካፍ፣ ሄይ።

እዚህ ላይ ተጠንቀቁልኝ። እነዚህ ሦስቱ "ሐካ" ተብለው ከተነበቡ የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ናቸው። "ሐኬ" ተብለው ከተነበቡ "ጠብቅ" ናቸው። ሲጋል ደግሞ አስቀድማ፣ ግሪሻ በዚህ ዓለም አንድ ፍቅር ብቻ ነው ያለው፣ በየክረምቱ ፊንላንድ እህቱ ዘንድ ሄዶ በረዶ ሆኖ የረጋ ሐይቅ ላይ ተቀምጦ ዓሣ ማጥመድ ነው ብላኝ ነበር። ታዲያ እኔ ምን ላንብብ? ስለ ሠርግ ብጠይቀው "የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ" አለኝ።

በእኛ አገር ጥሎሽ የሚያመጣው የወንዱ ቤት ነው። እታለም ሲሰሙ ቀስ ብለው ተነሡ። ልጃችንን ልንሰጠው ጭራሽ ጥሎሽ ከእኛ አሉ፤ እንግዲህ ከእኔ ምርቃት እንዳትጠብቁ አሉ። ለሲጋል መልእክቱን ባሳያት በዚያው ያልቅ ነበር። ነገር ግን የአማቷን ስግብግብነት ለሙሽራ ማሳየት ነውር መሰለኝና ስልኬን ኪሴ ከተትኩ። የተጠየቅሁትን ሰጥቼ ሰውየውን ላሳፍረው ቆረጥኩ። ደግሞ፣ ምን እደብቃችኋለሁ፣ ጉጉቱም ይዞኝ ነበር። ሰው በረዶ ላይ ቆሞ ዓሣ የሚያወጣው በምንድን ነው?

በነሐሴ ሙቀት አውቶቡስ ይዤ አሽቀሎን ወረድኩ። ባሕሩ አጠገብ የዓሣ አጥማጆች ዕቃ የምትሸጥ አንዲት ሴትዮ አለች። ዘንግ ለስጦታ ስላት እጇን አወዛወዘች። ዘንግ እንደ ጫማ ነው፣ ለሌላ ሰው እግር አይገዛም፤ ክር ግዛለት፣ ክር ለአጥማጅ በዝቶበት አያውቅም አለችኝ። ለየት ላለ ቦታ ነው፣ ለበረዶ ነው አልኳት። ውጭ ያለውን ፀሐይ አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ሳትስቅ ሦስት ዓይነት አምጥታ ባንኮኒው ላይ ደረደረችልኝ።

ያን ቀን ነው ክር ዓለም መሆኑን ያወቅሁት። አንደኛው ወጥ ናይሎን ነው፤ ቀጭን፣ ብርጭቆ የመሰለ። ከማጠንጠኛው ሲፈቱት እንደተጠቀለለ ይቀራል፣ የኖረበትን ቅርጽ አይረሳም፤ ክርም ትዝታ አለው ለካ። ሁለተኛው ውኃ ውስጥ ሲገባ ዓሣ አያየውም የሚባለው ነው። ዓሣ ክር አይቶ ይሸሻል ወይ ብላችሁ እንደምትጠይቁ አውቃለሁ፤ እኔም ጠይቄያለሁ፣ ይሸሻል። ሦስተኛው ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ ነው። ጎተትኩት፣ በጣቴ ጠቀለልኩት፣ ወገቤን ደግፌ ሳብኩት፤ ንቅንቅ የለም። ሴትዮዋ በሐቅ እኔ በረዶ አላውቅም፣ የባሕሩን ብትጠይቀኝ ነው አለችኝ። እኔ ግን ከእሷ የሚበልጥ አማካሪ ነበረኝ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር። አንበሳ ያሰረ ክር የፊንላንድ ዓሣ ያቅተዋል? የተጎነጎነውን፣ ያውም ወፍራሙን ገዛሁ።

ዓርብ ጠዋት ግሪሻን ጠራሁት። ያንና ሲጋልም መጡ። እታለም ጥግ ላይ ተቀምጠው ዶቃቸውን ይሰካሉ፤ ለአረጋውያን ማዕከሉ የእጅ ሥራ ሽያጭ አንገት ጌጥ ይሠራሉ። ስጦታውን በሁለት እጄ አቀረብኩ። ግሪሻ ፈታው፣ አገላበጠው፣ ቀና ብሎ ለምን አለኝ። የጠየቅኸኝን ነዋ አልኩት፣ ዘንጉ የግል ዕቃ ነው ስላሉኝ ክሩን አመጣሁ። አልገባውም። ስልኬን አውጥቼ ሦስቱን ፊደሎች አሳየሁት። ሲጋል በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አነበበችና እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ዘንግ አይደለም፣ "ሐኬ" ነው፣ ጠብቅ ነው የሚልህ አለችኝ።

ለእታለም ሲተረጎምላቸው ጭራሽ ባሰ። ጠብቅ? የልጅ አባት የሆነን ሰው እንደ ከብት ጠባቂ "ጠብቅ" ብሎ ያዛል? ዶቃውን አስቀመጡት። ሲጋል መሳቋን አቆመች። የልጄ ፊት ሲለወጥ አየሁ። ያኔ ግሪሻ አፉን ከፈተ። ከእኔ በባሰ ዕብራይስጥ፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየፈለገ።

"መኪና ሥር ነበርኩ። እጄ ዘይት። ጠብቅ ብዬ ጻፍኩ። በኋላ ለሠርግ የሚሆን ጥሩ ቃል ፈለግሁ። ዕብራይስጤ መጥፎ ነው። አፈርኩ።"

ተረጎምኩት። እታለም ዓይናቸውን ወደ ግሪሻ እጅ መለሱ። እኔ በልቤ የጤና ጣቢያዋን ነርስ አሰብኳት። እታለም እዚያ ሲሄዱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው እጃቸውን እያዩ ነው የሚቀመጡት። ያቺ ነርስ ማታ ቤቷ ገብታ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት ንቃኛለች ትል ይሆን?

ግሪሻ አንዴ ተከፍቶ አልተዘጋም። ክሩን አንሥቶ ራሱን ነቀነቀ፣ ለበረዶ አይሆንም አለ። ለምን ብንለው ከክሩ ቆርጦ ውኃ ነከረና ማቀዝቀዣችን የት እንደሆነ ጠየቀ። እታለም ይህን ሲያዩ፣ ክር ውኃ እንደሚጠጣ ፈታይ የሆነ ሁሉ ያውቃል፣ ይህን ማን አጣው ብለው ተነሡ፤ ዶቃ ከሚሰኩበት ቀጭን ናይሎን ቆርጠው እሱንም አስነከሩት። ሁለቱም ከዓሣው ጥቅል አጠገብ ገቡ። ግሪሻ ጣቱን ቀስሮ "ሐኬ" አለ።

ጠበቅን። መጠበቅስ እናውቅበታለን፤ አዲስ አበባ ኢየሩሳሌምን ስንጠብቅ የከረምን ሰዎች አንድ ማቀዝቀዣ አያቅተንም። ማቀዝቀዣው በር ላይ ቆመን ግሪሻ ሥራው ራሱ መጠበቅ እንደሆነ ነገረን። በረዶውን ሰርስሮ ቀዳዳ ያበጃል፣ በርጩማ ላይ ይቀመጣል፣ ዘንጉ ክንድ አያክልም። በብርድ ዓሣው ሰነፍ ነው፣ ሲነክስ እንደመሳም ነው፤ ወፍራም ክር ይህን ለእጅ አይናገርም። ከአባቱ ጋር እንዲህ ሲቀመጡ ቀኑን ሙሉ አይነጋገሩም ነበር፣ ያም ፍቅር ነበር አለ። እታለምን የጨነቃቸው ግን ሌላ ነው። በአማርኛ በረዶ በረዶ ነው፤ ከሰማይ የሚወርደውም፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለውም። እና ሲወርድበት ራሱን አይፈነክተውም አሉ። ውኃው ራሱ እንደ ቤት ወለል እንደሚረጋ ስናስረዳቸው ይብስ ደነገጡ። ቢሰነጠቅስ? ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ ንገረው አሉኝ። ነገርኩት። ግሪሻ ከልቡ ሲስቅ ያን ቀን አየሁት።

በሩ ሲከፈት አንበሳ ያሰረው የእኔ ክር እንደ ሽቦ ደርቆ ቀጥ ብሎ ወጣ። የእታለም ናይሎን ጣት ላይ ይጠቀለላል። ተረቱ ስለ አንበሳ እንጂ ስለ በረዶ ምንም አላለም ነበር፤ ጥፋቱ የተረቱ አይደለም። ግሪሻ ናይሎኑን በአክብሮት ያዘ። እታለም ከጥቅሉ ብዙ ክንድ ለክተው ቆርጠው ሰጡት። ጫፉ ላይ አንዲት ቀይ ዶቃ ቀርታ ነበር፤ ላውልቃት ቢሉት እጁን በደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ አለ። ስለ ምርቃቱ ግን ምንም አላሉም። ሲጋል እኔን አየችኝ፣ እኔ ጣሪያውን አየሁ።

የዚህ አገር ክረምት፣ ብርዱ ገባ፣ ግሪሻም ፊንላንድ ሄደ። አንድ ቀን ከሰዓት፣ ማሞቂያ አጠገብ ተሰብስበን ሳለን፣ ስልኬ ጮኸ። ፎቶግራፍ ነው። ነጭ ሜዳ፣ አንድ ጥቁር ቀዳዳ፣ ከቀዳዳው የወጣ ዓሣ፣ በከንፈሩ ጥግ የእታለም ቀይ ዶቃ። ከሥሩ ሁለት ቃል ጽፏል፤ ሠርግ መቼ ነው የሚል። ሥጋ መጨመር ሳያስፈልገኝ አነበብኩት።

እታለም ስልኩን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ። ዓሣውን አዩ፣ ዶቃቸውን አዩ፣ ግሪሻ የቆመበትን ወለል እንደገና አዩ።

"ጥሎሹ ደርሷል" አሉ። "ግን ውኃ ላይ ተቆሞ ሠርግ አይቀጠርም። መጀመሪያ ደረቅ መሬት ይርገጡ። ሐኬ በላቸው።"

ሲጋል አፏን በእጇ ያዘች። አማርኛዋ የተበላ ቢሆንም ይህችን ሰምታታለች። እስከዚያ ቀን ሰውየው ነበር፣ ንገረው ነበር፣ በለው ነበር። በእታለም አፍ ግሪሻ አንቱ ተባለ፤ ከዚህ የበለጠ ምርቃት እኛ ቤት የለም።

እኔም ሔት፣ ካፍ፣ ሄይ ብዬ ጻፍኩለት። "በላቸው" የምትለዋን የሚሸከም ፊደል ዕብራይስጥ ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ እንግዲህ የጎደለውን ከራሱ ይጨምርበት። ዘንግ ብሎ ካነበበውም መቼስ በእጁ ይዞታል።