የዶክተር ቶርላይፍ አሥራ አራተኛ ታካሚ

ፎቶ የሚያሳይ ሰው የሌለበት አገር የለም። አንዱ የልጅ ልጁን ያሳያል፣ አንዱ ያሳጠረውን ግቢ፣ አንዱ ከኩላሊቱ የወጣለትን ጠጠር። የሚያሳዩት ይለያይ እንጂ ቃላቸው አንድ ነው፦ «ቆይ፣ ቀጣዩ ላይ በደንብ ይታያል።» ቀጣዩ ላይ በደንብ አይታይም። ሃምሳ ሁለት ዓመት ኖሬ በደንብ ሲታይ ያየሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሱንም ባላየሁት ይሻለኝ ነበር።

ለኛ ደሴት የደረሱን ክቡር ዶክተር ቶርላይፍ ናቸው። ሠላሳ አራት ዓመት የትምህርት ቤቱ ጥርስ ሐኪም ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ መሰርሰሪያቸውን አስቀምጠው ኪስ የምትገባ፣ ውኃ የማታስገባ ትንሽ ካሜራ ገዙ። ከዚያ ወዲህ ከግንቦት እስከ መስከረም ጥቁር የጎማ ልብስ ለብሰው፣ የመተንፈሻ ቱቦ ነክሰው፣ ከወደቡ ጀርባ ካለው ቋጥኝ ሥር ፊታቸውን ውኃ ውስጥ ደፍተው ሲንሳፈፉ ይውላሉ። ዝናብ ግድ አይሰጣቸውም። እዚህ አገር ዝናብ እስኪያባራ የሚጠብቅ ሰው ምንም ሳይሠራ ይሞታል።

በደሴታችን ጳጳሱን ሳይቀር አንተ ነው የምንለው። ዶክተር ቶርላይፍን ግን እርስዎ የማይል የለም። ከትምህርታቸው የተነሣ አይደለም፤ ጣታቸው የሁላችንም አፍ ውስጥ ገብቶ ስለሚያውቅ ነው። በልጅነቱ «ክፈት» ሲሉት የከፈተ ሰው፣ ዛሬ «እይ» ሲሉት ያያል። እሳቸው ደግሞ ሰውን የሚያስታውሱት በጥርሱ እንጂ በስሙ አይደለም። እኔን ሲያገኙኝ አንድ ቀን እንኳ ሬይዳር ብለውኝ አያውቁም። ሰላምታቸው «የግራ ታችኛዋ መንጋጋህ እንዴት ናት?» ነው። ደኅና ናት እላለሁ፤ ከዚያ ካሜራዋ ትወጣለች።

ዋናው ችግር መርከቡ ነው። መኪና ወደ ዋናው ምድር የሚያሻግረው መርከብ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጅበታል፤ መሃል ላይ ወራጅ አለ አይባልበትም። የዶክተሩ ግራጫ መኪና ተራ ይዛ ከታየች ሰዉ ወንበሩን ዘርግቶ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። እኔም አንዴ አፌን ከፍቼ የተኛሁ መሰልኩ። መስኮቱን አንኳኩተው «መንጋጋህ ጫፏ ላይ ተሰንጥቃለች፣ ታየው» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር።

የካሜራዋ መስታወት ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም፤ ስለዚህ ግንባር ለግንባር ተጋጥሞ ማየት ግድ ነው። የመጀመሪያው ፎቶ አውራ ጣታቸው ነው። በሁለተኛው ላይ የካሜራዋ ብልጭታ ውኃው ውስጥ ያለውን ብናኝ ሁሉ አብርቶት በረዶ የሚጥል ይመስላል። በሦስተኛው ላይ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ነገር አለ።

«ይሄ ጭራው ነው» ይላሉ። «እየሄደ ነው። ቆይ፣ ቀጣዩ ላይ በደንብ ይታያል።»

ቀጣዩ ላይ ሄዷል።

ሁልጊዜ ከፎቶው የሚወጣው አሣ አንድ አሣ ነው። በርጊልት ይባላል፤ ከንፈሩ ወፍራም፣ የፊት ጥርሱ ዛጎል የሚሰብር፣ ዕድሜውን በሙሉ ከአንድ ድንጋይ ሥር የማይለቅ አሣ ነው። ዶክተሩ ለቋጥኙ አሣዎች ከክሊኒካቸው በተረፉ ካርዶች ላይ የታካሚ መዝገብ ከፍተውላቸዋል። አሥራ ሦስቱ አንድ በአንድ ጠፉ። አሥራ አራተኛዋ ግን ቀረች፣ አሥራ አንድ በጋ ሙሉ። ስም አልሰጧትም። «ታካሚ በቁጥር ነው» ይላሉ።

«ከግራ ዓይኗ ሥር ያለውን ነጭ ምልክትና ጥርሷን እይልኝ። ከላይ፣ በግራ፣ የፊተኛዋ ተሸርፋለች። ሕመም ግን የላትም። ሠላሳ አራት ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ንጹሕ አፍ አልገጠመኝም።» ይህን ሲሉ የኔን አፍ እያዩ ነው።

በስድስተኛው በጋ መርከቡ ላይ ስቬለ የሚባለውን ወፍራም ቂጣ በቡናማ አይብ የምትሸጠው ሄርዲስ ፊት ቆመው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ «አሥራ አራት ቁጥር ወንድ ሆናለች» አሉ። የበርጊልት ወግ ነው፤ ሴት ሆኖ ያድግና ሲጎለምስ ወንድ ይሆናል። ሄርዲስ ቂጣዋን እየገለበጠች «እንኳን ደስ ያለዎት፤ ክብደቱስ ስንት ነው?» አለቻቸው። ሰዉ ሳቀ። እሳቸው ጥያቄውን ከልብ ወስደው፣ አስበው፣ ግምታቸውን ነገሯት። ከዚያን ቀን ጀምሮ «እሱ» ሆነ።

በዘጠነኛው በጋ ደግሞ አንድ እንግዳ ቋጥኙ ሥር ሬሳ ተንሳፍፎ አየሁ ብሎ ደወለ። የነፍስ አድን ጀልባ ወጣች። ጀልባዋ ላይ የነበረው የሚስቴ ወንድም ኦድቫር በመንጠቆ ሊስባቸው ሲል፣ ሬሳው ቱቦውን ከአፉ አውጥቶ «ሞተሩን አጥፋ፤ ገና አሁን ወደኔ ሊዞርልኝ ነበር» አለው። ኦድቫር እስከ ዛሬ «እኔን እኮ ሬሳ ተቆጥቶኛል» እያለ ያወራል።

አባቴን የቀበርን ዕለት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ዳቦ እየተበላ ሳለ ዶክተሩ መጥተው እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ። ሊያጽናኑኝ ነው ብዬ ጎንበስ አልኩ። ካሜራዋ ወጣች። «ዛሬ ጠዋት ነው ያነሣሁት» አሉኝ በሹክሹክታ። አርባ ፎቶ ነበር። ሚስቴ ከወዲያ ማዶ በዓይኗ «ላስጥልህ?» አለችኝ፤ ተዪው ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አባቴ ከሞተ ጀምሮ ስለ አባቴ ሳላስብ የቆየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው፤ አረንጓዴ ውኃ ውስጥ አንድ ጭራ ስፈልግ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ወሬ ሲነሣ ግን እንደ ሰው ሁሉ «ኧረ ለቅሶ ላይ እንኳ አይምሩም» ብዬ አምቻቸዋለሁ።

የጥርስ ሐኪም በር ወዶ የሚያንኳኳ የለም። ዶክተሩ አላገቡም፣ አልወለዱም፤ ደሴቱን በሙሉ አክመው ሲያበቁ ቤታቸው የሚመጣ ሰው አልነበራቸውም። ሳይጠሩትና ሳይዙት፣ በገዛ ፈቃዱ ወደሳቸው መጥቶ አፉን የሚከፍት ፍጥረት ያ አሣ ብቻ ነበር። ውኃ ሲገቡ ከድንጋዩ ሥር ወጥቶ እስከ መነጽራቸው ይጠጋል። ፎቶውን የሚያበላሸውም ይኸው ነው፤ በጣም ይቀርባል፣ ካሜራዋ አስባ እስክትጨርስ ይሄዳል።

አሁን ስለ ራሴ ልናገር። እኔና ኦድቫር ከሐምሌ ጀምሮ በርጊልት እናጠምዳለን። ለመብል አይደለም። ሳልሞን የሚባለውን አሣ የሚያረቡ በሕይወቱ ይገዙንና መረባቸው ውስጥ ይለቁታል፤ የሳልሞኑን ቅማል ይለቅማል። እስከ ፀደይ በሕይወት የሚቆየው ጥቂቱ ነው። ሁላችንም እናውቃለን፣ ማናችንም አናወራውም።

ዘንድሮ ወጥመዱን ከቋጥኙ ጎን እንጣል ያልኩት እኔ ነኝ። ኦድቫር «የሐኪሙ ሠፈር ነው፣ ይቅርብን» ብሎ ነበር። «ባሕሩን ገዝተውታል እንዴ?» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ወጥመዱን ሳወጣ አንድ ትልቅ ወንድ ተይዟል። በግራ ዓይኑ ሥር የተደፋ ወተት የሚመስል ነጭ ምልክት አለበት። እጄ ላይ ሆኖ አፉን ከፈተ። ከላይ፣ በግራ፣ የፊተኛዋ ጥርስ ተሸርፋለች።

እንደያዝኩት ቆምኩ።

«ምነው፣ ታውቀዋለህ እንዴ?» አለ ኦድቫር እየሳቀ።

«ከየት አውቀዋለሁ» አልኩ።

ዶሮ እንኳ አልጮኸም፤ እኛ ደሴት ላይ ዶሮ የሚያረባ የለም። በርሜሉ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ጨመርኩት። እጄን ማላላት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ብለቀው፣ አሥራ አንድ ዓመት ያንን ሁሉ ፎቶ ልብ ብዬ አይቻለሁ ማለት ነው፤ ኦድቫርም ለሰዉ ሁሉ ያወራብኝ ነበር። መሳቂያ ላለመሆን ስል ነው። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ።

ከዚያ ወዲህ ዶክተሩ መርከቡ ላይ ከመኪናቸው መውረድ ተዉ። ሰዉ መጀመሪያ ላይ እፎይ አለ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሄርዲስ «ሐኪሙ ምን ሆነው ነው? ሰው እኮ ከሳቸው የሚሸሸው እኔ ጋ ነበር፣ ቂጣዬም አልሸጥ አለ» አለች። ሳቅ አልመጣልኝም።

ባለፈው ሐሙስ በዝናብ ከመኪናዬ ወርጄ መስኮታቸውን አንኳኳሁ።

«ግባ፣ ትበሰብሳለህ» አሉኝ። ስለ መንጋጋዬ አልጠየቁም። ካሜራዋ መሪው ፊት ተቀምጣለች።

«ምነው ዛሬ ፎቶ የለም?» አልኩ።

«አሥራ አራት ቁጥር የለም። አሥራ ስምንት ቀን ተመላለስኩ። ድንጋዩ ሥር ሸርጣን ገብቶበታል።» መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «አርጅቶ ነው እንዳልል፣ እነሱ ከሃያ ዓመት በላይ ይኖራሉ። ምናልባት እኔ ሳላውቅ አስቀይሜው ይሆናል። የሚያስቀይም ነገር አደረግሁ ይሆን እያልኩ ነው።»

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ኦድቫር ረስቶታል። ነገር ግን ሽማግሌው አሣ አስቀይሜያለሁ ብለው ሌሊት እንቅልፍ ሲያጡ ታየኝ።

«እኔ ነኝ ዶክተር» አልኩ። «ወጥመዳችን ውስጥ ገባ። ሸጥነው።»

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

«ሌላ ይሆናል» አሉ። «ለማያውቃቸው ሰው አንድ ናቸው።»

«እሱ ነው። ከላይ፣ በግራ፣ የፊተኛዋ ተሸርፋለች። ነጩ ምልክት ደግሞ ከግራ ዓይኑ ሥር።»

ዘወር ብለው አዩኝ። ይሰድቡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ እንዲሰድቡኝም ፈልጌ ነበር።

«ለካ ታይ ነበር» አሉ።

«አይ ነበር።»

«እኔ እኮ ሁላችሁም ለይሉኝታ የምታዩልኝ ይመስለኝ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት» አሉ።

ከመኪናው መሳቢያ ካርዱን አወጡ። በደቃቅ ጽሕፈት ጀርባው ድረስ ሞልቷል፤ ታች አንድ መስመር ብቻ ቀርቷል። ቀኑን ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። ቀጥለው «ስምህ ማነው?» አሉ።

«ሬይዳር።»

«ካርዱ ላይ መግባት አለበት። የአባትህንም ጨምር።»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። በቀረው መስመር ላይ ጻፉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አሉበት። ከዚያ ካሜራዋን አነሡ።

«የመጨረሻውን ቀን ፎቶ አላየህም» አሉኝ።

ግንባራችን ተጋጠመ። አውራ ጣታቸው። በረዶ። ጭራ።

«ቆይ፣ ቀጣዩ ላይ በደንብ ይታያል።»

በደንብ ታየ። ሙሉ ፊቱ ነው፣ ነጩ ምልክት፣ የተሸረፈችው ጥርስ። ወደሚያውቀው ሰው እንደሚመጣ አፉን ከፍቶ እየመጣ ነው። ለስንት ዓመት ከእኚህ ሰው ሸሽቼ መኪና ውስጥ የተኛሁ መሰልኩ? ሳማቸው የኖርኩ ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ስወዳቸው ነው የኖርኩት፣ አሁን ደግሞ ምን ዋጋ አለው።

መርከቡ ወደቡን ነካ፣ መውረጃው ተዘረጋ። ከኋላችን ያሉት መኪናዎች ጡሩምባ ነፉ።

«መንገዱን ብንለቅላቸው ይሻላል መሰለኝ» አሉ ዶክተሩ ቁልፉን እየነኩ።

«ይንፉ» አልኩ። «ከመጀመሪያው ጀምረው ያሳዩኝ።»