ዱር የገባው ተፈራ

የኦስሎ ሰው እሁድ ሲሆን ዱር ይገባል። ቡናውን በፔርሙዝ፣ ብርቱካኑን በኪስ፣ ልጁን በጀርባ አድርጎ። የመጣሁ ሰሞን ደንግጬ ነበር። በእኛ አገር ዱር የሚገባ ሸፍቶ ነው፤ ካልሆነም አብዶ። ብርቱካን ይዞ የሚሸፍት ማን አለ?

እኛ የምንኖረው ሞርተንሩድ ነው፤ ባቡሩ የሚያበቃበት፣ ጫካው የሚጀምርበት። ልጄ ሊዲያ ዩኒቨርሲቲ የድሮ ፈረሰኞችን ታሪክ ታጠናለች። ጥሩር ለብሰው ለእመቤት ክብር የሚዋጉትን ማለቴ ነው። «ይሄ ሥራ ያስገኛል?» እያልኩ ስንት ጊዜ ነዘነዝኳት! ባለፈው ግን እራት ላይ አንድ ነገር ነገረችኝ። በእነዚያ መጻሕፍት ውስጥ ፈረሰኛው ቃሉን አጥፎ ሚስቱ ስትተወው፣ ልብሱን ቀዶ ዱር ይገባል አለች። ፀጉሩ ያድጋል፤ ጥሬ ሥጋ ይበላል፤ አውሬ ይሆናል።

«ታዲያ እንደዚያው ይቀራል?» አልኳት።

«ኔይ፣ ባባ፣ አይቀርም። የሚያውቀው ሰው ያገኘውና በስሙ ይጠራዋል። ከዚያ ልቡ ይመለሳል።»

ያነሳሁትን ጉርሻ መልሼ አስቀመጥኩ። ተፈራ ትዝ አለኝ።

ተፈራ ማለት ማዮርስቱን በሚባል ሰፈር አንድ ቢሮ ስናጸዳ አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። ለጽዳት ክራቫት አስሮ የሚመጣ! ሚስቱን በየዓመቱ «ዘንድሮ አገር ቤት ሄደሽ እናትሽን ታያለሽ» ይላታል፤ በየዓመቱ ተጨማሪ ሥራ ይይዝና ጉዞው ይቀራል። እናትየው ሳይተያዩ ሞቱ። ሚስቱም ጥላው ሄደች።

ከዚያ ተፈራ ሥራ ቀረ። ድንኳን ይዞ ጫካ ገባ ተባለ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመን «ምስኪን፣ አበደ» ተባባልን።

አንድ እሁድ እንጉዳይ ስለቅም አየሁት። ጺሙ ደረቱ ደርሷል። ኩሬ ዳር ቁጢጥ ብሎ ድስት ያጥባል። ቀና ብሎ አየኝ። እኔስ? ስልኬን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ አለፍኩ። «አቤት፣ አቤት» እያልኩ። ማን ጠርቶኝ?

እንግዲህ ልጄ ይህን በነገረችኝ ማግስት ኩሬው ዳር ሄድኩ። ድንኳኑ የለም። የተኛበት ሣር ብቻ ገርጥቶ ቀርቷል። «ተፈራ!» አልኩ። ሰው እንዳይሰማኝ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፤ እዩት እንግዲህ!

ውሻ ያስከተሉ አንዲት አሮጊት ደረሱ። ጠፋብህ ወይ አሉኝ። «ያ፣ ያ» አልኩ፤ አዎ ማለቴ ነው። ስሙን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። እጃቸውን እንደ ጡሩምባ አፋቸው ላይ አድርገው «ተፈራ! ተፈራ!» እያሉ ጫካውን አናወጡት። አይተውት የማያውቁትን ሰው! የእኔ ድምፅ ከእሳቸው ጎን ሹክሹክታ ነበር።

ቆይተው ውሻቸውን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉና፣ ይናከሳል ወይ ብለው ጠየቁኝ። ያኔ ነው የገባኝ፤ ውሻ የጠፋብኝ መስሏቸዋል። ሰው ነው ማለት ነበረብኝ። ወዳጄ ነው ማለት። አፈርኩ።

«ኔይ» አልኳቸው። «እሱስ ጨዋ ነው።»