ቢጫ ጣል ያደረገችው

ቅናት ሰው ይመርጣል ይባላል፤ እኔ ግን የሚመርጥ አይመስለኝም። ደርባባዋንም ለፍላፊዋንም እኩል ነው የሚይዛት። ልዩነቱ፣ የለፍላፊዋን ጎረቤት ሰምቶ ያበርድላታል፤ ዝምተኛዋ ብቻዋን ታበስለዋለች። እኔ ከዝምተኞቹ ነኝ። ከስምንተኛ ክፍል አስቋርጠው ሲድሩኝ እንኳ ያልተናገርኩ ሰው፣ ለቅናት ብዬ አፌን አልከፍትም። ዓይኔን ግን እከፍታለሁ።

ባለቤቴ አዲሱ ከማክሰኝት ወረድ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ባለ የእንግዳ ማረፊያ አትክልተኛ ነው። የምንኖረውም እዚያው ግቢ ጥግ ነው። ወፍ ፎቶ ለማንሳት ከጎንደር የሚመላለሱ አንድ ሐኪም አሮጌ ካሜራቸውን ከሰጡት ወዲህ ግን ባሌ ሌላ ሰው ሆነ። ቲማቲሙን ትቶ መንገዱን ውሃ ያጠጣል፤ ዓይኑ ዛፍ ላይ ነዋ።

መስከረም በገባ በሳምንቱ፣ ልጄን አዝዬ ልብስ ሳሰጣ፣ ከጓሮ ከሐኪሙ ጋር በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። ድምፁ ማር ሆኗል። የመስቀል ወፏ መጣችልኝ ይላል። ጥቁር ለብሳ፣ ቢጫ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ፣ እንዴት ሸጋ ሆናለች መሰለዎት፤ ነገ ማለዳ ወንዙ ዳር እጠብቃታለሁ።

እንግዲህ እኛ አገር ዓመቱን ሙሉ ጠፍቶ አንድ ቀን ብቅ የሚለውን ሰው ሁሉ የመስቀል ወፍ እንለዋለን። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? ጠርጥር፣ ከገንፎ ውስጥ አይጠፋም ስንጥር። ሐኪሙም ተባባሪ ናቸው ማለት ነው አልኩ በሆዴ።

በማለዳ ተከተልኩት። ሣሩ ውስጥ በርከክ ብሎ፣ "አይዞሽ፣ ዞር በይልኝ፣ እንዲያ፣" ይላል በሹክሹክታ። ቄጠማውን ገለጥ ባደርግ፣ ያገዳ ጫፍ ላይ አንዲት ጥቁር፣ ትከሻዋ ቢጫ የሆነ ወፍ።

እፎይታዬ ብዙ አልቆየም። ሴት ብትሆን ጸጉር ለጸጉር ተያይዘን ይወጣልን ነበር፤ ከወፍ ጋር ምን ይባላል? ደግሞ "ዞር በይልኝ"! በአምስት ዓመት ትዳር እኔን ዞር በይልኝ ያለኝ መንገድ ስዘጋበት ብቻ ነው።

ያን ጊዜ አፌ ተከፈተ። "አዲሱ፣ ያ የምታቆላምጠው ወንድ ነው።"

ዞረ። ሣሩ ውስጥ ትል ይዛ ጎንበስ ቀና የምትለውን ቡናማ ወፍ አሳየሁት።

"እሷማ ድንቢጥ ናት፣" አለ።

"ሚስቱ ናት። እሱ ላባውን ሲያሳይ እሷ ጫጩት ታበላለች። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ አለች፤ ልብ የሚላት የለም እንጂ።"

ይኼን ያወቅሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ እዚህ ወንዝ ስቀዳና ሳጥብ ነው። አዲሱ ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ትክ ብሎ አየኝ። ገባው አልኩ። ነጠላዬን አስተካከልኩ፤ ልጄንም ጀርባዬ ላይ ቀና አደረግኋት።

"ሙሉዬ፣" አለኝ፣ ለስለስ ብሎ፣ "እስቲ ትንሽ ጎንበስ በይ፤ ብርሃኑን ጋረድሽባት።"

ሐኪሙ የዚያችን ቡናማ ፎቶ ሲያዩ፣ ይህን ያህል ዓመት እንዴት ሳላያት ቀረሁ ብለው ተገረሙ አሉ። አዲሱም ከዚያ ወዲህ ከእሷ ሌላ አላነሳም። የመጀመሪያዋ ጣውንቴ ወንድ ሆና ተገላገልኩ ስል፣ ሁለተኛዋን በገዛ አፌ ዳርኩለት።