ያላሳመመንን አናውቅም

ውድነሽ ትናንት ሌሊት ያየችው ሕልም በአጥሚት ይጀምራል። በእውኑ ዓለም እናቷን፣ ወይዘሮ አስረበብን፣ በማንኪያ አጥሚት የምታጠጣት እሷ ናት። በሕልሟ ግን አጥሚቱ ከሳህኑ ብድግ አለና ማንኪያውን ነጥቆ እሷኑ ለእናቷ አጎረሳት። እናቷም ሳታላምጥ ዋጠቻት። እንዴት ተብሎ አይጠየቅም፤ ሕልም ነው።

ውድነሽ ተንሸራታ እናቷ አንጀት ውስጥ ዱብ አለች። ግራና ቀኝ ግድግዳውን የተደገፉ ሽማግሌ ዘበኞች ተቀምጠዋል። አንዴ የተዋጉትን በሽታ ዕድሜ ልካቸውን የማይረሱ፣ ጡረታ የሚባል ነገር የማያውቁ ዘበኞች ናቸው። ውድነሽ ተስፋ አደረባት። እናቷ "አንቺ ሴትዮ" እያለች ትጠራት ከጀመረች ሰንብታለች፤ ስሟን ከእናቷ አፍ መስማት ናፍቋታል፣ በጣም ናፍቋታል። ጭንቅላቷ ቢረሳኝ ሆዷ አይረሳኝም ብላ ወደ አለቃቸው ተጠጋች።

"አባባ፣ ያውቁኛል?"

"ቆይ ልጄ፣ እንግዳ መጥቶብናል።"

እንግዳው ታይፎይድ ነበር። ዘበኞቹ ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሡለት። እዚያ አገር ጠላት የሚከበረው እንደ አማች ነው።

"በሞቴ ግባ! ምነው ጠፋህ? ሴትየዋን ገና ኮረዳ ሳለች አልጋ ላይ የጣልካት አንተ አይደለህ?"

"ምን ይረሳል!" አለ ታይፎይድ እየተሽኮረመመ።

አሜባም መጣች፤ እሷንም አገላብጠው ሳሟት። ውድነሽን ቅናት አንገበገባት። በአሜባ መቅናት!

"እኔስ? ልጇ እኮ ነኝ!"

አለቃው ከእግር እስከ ራሷ አያት። "አሳምመሻት ታውቂያለሽ?"

"ኧረ በጭራሽ!"

"እንግዲያ ከየት እናውቅሻለን? እኛ ያላሳመመንን አናውቅም።"

"ጎረቤታችሁ ነበርኩ! ከዚህ ግድግዳ ማዶ፣ ማሕፀኗ ውስጥ! እየተንፈራገጥኩ..." እንባዋ ቀደማት።

ሽማግሌው ጆሮውን ቀሰረ። "እየተንፈራገጥሽ? ያ ግድግዳችንን በተረከዙ ሲደበድብ የከረመው... እስቲ ርገጪ!"

ውድነሽ ባላት ኃይል ረገጠች። የሽማግሌው ፊት በራ።

"አንቺ ነሽ እንዴ! ስምሽ እኮ..."

ነቃች። ነግቷል። አብራት የምትተኛው እናቷ አልጋው ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ታሻለች።

"ምነው አንቺ ሴትዮ፣ ስትረግጪኝ አደርሽ" አለቻት፤ አልተቆጣችም። "ልጄም ሆዴ ውስጥ ሳለች እንዲሁ ነበር የምትረግጠኝ። ውድነሽ ትባላለች። ታውቂያት ይሆን?"