ሲጠሩት የሚሸሽ ቅጠል

ሐኪም የሌለበት ሰፈር ሞልቷል፤ መድኃኒት አዋቂ ጎረቤት የሌለበት ሰፈር ግን እስካሁን አልተቆረቆረም። በሩ በቅጡ ሳይከፈትላት ዓይኗ ፊታችሁን መርምሮ ይጨርሳል። "ጠውልገሻል" ትላለች። ያልጠወለገም ሰው ይህን ሲሰማ መጠውለግ ይጀምራል።

የእኛ ሕንፃ ባለሥልጣን ክብርት እትዬ ቅጠሌ ናቸው። "ቅጠሌ" የሚለውን ያወጣላቸው ጎረቤቱ ነው፤ ፊት ለፊት ማንም አይደፍርም። በጆሮ ሕመም፣ በሆድ ቁርጠትና በባል ኩርፊያ ላይ ሙሉ ሥልጣን አላቸው። መስኮታቸው ላይ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በአሮጌ ቆርቆሮ የተከሉትን ይቀነጥሳሉ፣ ያፈላሉ፣ በፔርሙስ ይዘው ይወርዳሉ። "ምንድን ነው እትዬ?" ላለ ሁሉ መልሳቸው አንድ ነው።

"ስሙን አትጠይቁኝ። ሲጠሩት ይሸሻል።"

ጉዳት የለውም ወይ ካላችሁማ ጉድ ፈላ! "ቅጠል እኮ ነው! ቅጠል ምን ያደርጋል?" ብለው ያፈጡባችኋል። እባብስ የእግዜር ፍጥረት አይደል ወይ ብሎ የሚመልስላቸው ደፋር አልተገኘም።

ምድር ቤት የምትኖረው ልብስ ሰፊ የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። ባሏ ጭነት ይዞ ሩቅ መንገድ ላይ ነው። ወተቷ አልወርድ ብሎ ሕፃኗ ስታለቅስ እሷም አብራ ታለቅሳለች። እትዬ ይህን ሰምተው የሚቀመጡ ሰው አይደሉም። ወረዱ፤ የሕፃኗን ጨርቅ አጠቡ፣ ሾርባ ሠሩ፣ ፔርሙሱንም ከፈቱ።

"ጠጪ የኔ ልጅ። እንደ ምንጭ ነው የሚፈልቀው።"

ሰፊዋ መራራውን ጨለጠችው። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ቅጠሉን አምናው አልነበረም። እናቷ ከሞተች ወዲህ "የኔ ልጅ" ያላት ሰው አልነበረም።

ካጠባቻት በኋላ ሕፃኗ ጸጥ አለች። "አየሽ፣ ጠገበች!" አሉ እትዬ። በማግስቱም ፔርሙሱ ወረደ፤ ሕፃኗም ጸጥ እንዳለች ናት። ጡት ቢያጎርሷት አትይዝም። እግሯን ቢኮረኩሯት ዓይኗን ገልጣ መልሳ ትከድናለች።

"እትዬ፣ ይሄ ጥጋብ አይደለም" አለች ሰፊዋ። ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ወደ ጤና ጣቢያ ሮጠች። እትዬም በነጠላ ጫማቸው ተከተሏት።

ነርሷ ሕፃኗን አገላብጣ አየችና ወደ እናቲቱ ዞረች። "አንቺ የምትወስጂው ነገር አለ?"

ሰፊዋ ዞራ እትዬን አየቻቸው። ብትናገር እትዬን በሰው ፊት ማዋረድ ነው፤ ዝም ብትል ልጇ እጇ ላይ ናት።

"ቅጠል ጠጥቻለሁ" አለች በመጨረሻ።

"ምን ቅጠል?"

ወረፋ የያዘው ሁሉ ወደ እትዬ ዞረ። "ስሙን እንኳ..." ብለው ጀመሩ እትዬ።

"እትዬ በሞቴ ይንገሯት! የሚሸሽ ከሆነም ይሽሽ!" ብላ ጮኸች ሰፊዋ።

"አላውቀውም" አሉ እትዬ። "እናቴም አልነገረችኝም። እሷም የምታውቀው አይመስለኝም።"

ያን ሁሉ ዘመን ያስፈራሩን ይህንኑ ይዘው ኖሯል! ግን ፊታቸውን ሸፍነው ቤታቸው አልገቡም። እየሮጡ ሄደው፣ ለማንም አሳይተውት የማያውቁትን ተክል ከነቆርቆሮው ታቅፈው ተመለሱ። በነርሷ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"ይኸው። ይሄን ነው ያጠጣኋት። እሷ ምንም አላጠፋችም፤ እኔ ነኝ።"

የጤና ጣቢያው ሐኪም መጥቶ ቅጠሉን አገላበጠ። እሱም አላወቀውም፤ አለማወቁን ግን አልደበቀም። "እናት የጠጣችው ወደ ወተቷ ሊያልፍ ይችላል፤ ለሕፃን ደግሞ ትንሹም ብዙ ነው። ምንነቱን ሳናውቅ ጠብታ እንዳትደግሚ" አለ። ሕፃኗን አስተኝተው የዱቄት ወተት በቀጭን ቱቦ እየሰጡ ይጠብቋት ጀመር። እትዬ ኮሪደሩ ላይ ቆሙ። ይቀመጡ ቢሏቸው እምቢ አሉ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ሕፃኗ ጩኸቷን ለቀቀችው። ወይ ጩኸት! ሐኪሙ ፈቅዶ የእናቷን ጡት ስትይዝ እትዬ ግድግዳውን ተደግፈው ተንሰቀሰቁ።

ከዚያ በኋላ ግን ከቤታቸው አልወጣ አሉ። ሕንፃው ዕረፍት አገኘ ትሉ ይሆናል፤ ሰፊዋ ግን የደረጃው ኮቴ ሲጠፋባት ቤቱ ጭር አለባት። ማሽኗን ትታ፣ ልጇን ታቅፋ ወጣችና የእትዬን በር አንኳኳች።

"ጠውልገዋል እትዬ" አለቻቸው።

በማግስቱ ያ ኮቴ ወረደ። እትዬ የያዙት ፔርሙስ ሳይሆን ብርጭቆ ነው። ሰፊዋ ተቀብላ ወደ ብርሃን አነሳችው።

"ምንድን ነው?"

እትዬ ቀጥ ብለው ቆሙ። "ውሃ። ስሙ ውሃ ነው። ጠጪ የኔ ልጅ።"

ግጥም አድርጋ ጠጣችው።