ገመዱ የሚያስፈልገው ለማን ነው?

ባለገመድ ኤርፎን ይሻላል ወይስ ገመድ አልባው? ስለ ድምፁ ጥራትና ስለ ባትሪው እናንተው ተከራከሩ። እኔ የምለው፣ ገመዱ የሚያስፈልገው ለአዳማጩ ሳይሆን አጠገቡ ለተቀመጠው ምስኪን ነው።

ባለፈው ከወሰን ወደ መገናኛ በታክሲ ስሄድ፣ አጠገቤ የተቀመጠ ጎልማሳ ፈገግ ብሎ፣ «እንዴት ነህ ወንድሜ? እናትህስ ተሻላት?» አለ። ፊቱን አላስታወስኩትም። ግን እንዲህ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ካጣሁ ስንት ጊዜዬ! ስለ እናቴ ስኳር፣ ስለ እግሯ እብጠት፣ ላምበረት እስክንደርስ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ሰውዬው ከጆሮው ባቄላ የምታክል ነጭ ነገር ነቅሎ፣ «ይቅርታ፣ ስልክ እያወራሁ ነው» አለኝ። ታክሲው በሙሉ ሳቀ። የተጠየቀው ሌላ፣ የመለስኩት እኔ!

ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝን ሰው መጀመሪያ ጆሮውን ነው የማየው። ትናንት ጠዋት ጎረቤታችን እማማ ዘነበች በር ላይ፣ «እናትህ እንዴት አደረች?» አሉ። ነጠላቸው ጆሯቸውን ሸፍኖታል፤ ከስሩ ምን እንዳለ በምን ይታወቃል? ዝም ብዬ አለፍኩ።

«አይ ልጄ፣» አሉ ከኋላዬ፣ «አንተም ያን ነገር ጆሮህ ውስጥ ወተፍከው?»

ጆሮዬ ውስጥ ምንም አልነበረም።