የአቶ ወንድይራድ ምርቃት

በከተማችን፣ ከአውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት፣ አንድ አበዳሪ ቤት ተከፈተ። ቤቱ መያዣ ተቀብሎ ካርድ ይሰጣል፤ በካርዱ ከየሱቁ ዛሬ ወስዶ በወሩ መጨረሻ መክፈል ነው። አብዝቶ ለወሰደ ደግሞ በነጥብ የሚታሰብ ምርቃት አለው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ወንድይራድ ገና ወጣት፣ እጅግ ትሑት ሰው ነው፤ ሲስቅ ጥርሱ አያልቅም።

ልብስ ሰፊዋ ወይዘሮ አልጣሽ እዚያ ቤት የገባችው ቸግሯት ነበር። የተማሪዎች ደንብ ልብስ ስፊ ተብላ የጨርቅ መግዣ አጥታለች፤ መያዣ የምትለውም ልጆቿን ያሳደገችባትን የስፌት መኪና ብቻ ነው። እሷን ከወሰዱባት አለቀላት። የጎረቤቷ የጋሻው ነገር ደግሞ ከዓይኗ አልጠፋም።

ጋሻው ባለባጃጅ ነበር። የአውሮፕላን ቲኬት የሚያስገኘውን ካርድ መረጠና ነጥብ እሞላለሁ ብሎ ምንጣፉን፣ ፍሪጁን፣ ማንም የማይበላበትን ጠረጴዛ ሲያግበሰብስ ከረመ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር አሉ! አየር ላይ ሊወጣ ያሰበው ሰውዬ መክፈል አቅቶት ባጃጁ ተወሰደበትና በእግሩ ቀረ። ዛሬ ከስቶ አጥንቱ ብቻ ነው የቀረው።

«ወርቃማዋን ካርድ ይውሰዱ እንጂ፣» አላት አቶ ወንድይራድ፣ «ዱባይን አይተው ይመለሳሉ።»

«እኔ ከዚህ አውቶቡስ ተራ ርቄ አላውቅም፣ ልጄ።»

«እንግዲያው ብርማዋን። የነዳጅ ቅናሽ አላት።»

«የኔ መኪና በእግሬ ነው የምትሄደው።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ጨርቅና ክር ስገዛ የምትመርቅ የለቻችሁም?» አለች እንደምንም።

አቶ ወንድይራድ እያቅማማ ከመሳቢያው ሥር አንዲት ነጭ ካርድ አወጣ። እንዲህ ያለችዋን ማንም ጠይቆት አያውቅም።

ያን ወር እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አልዞረም። ባለሱቆቹ «ይውሰዱ እንጂ፣ ነጥብ አለው!» ይሏታል። አንድ ቀን እጇ መጋረጃ ላይ አርፎ አገኘችውና፣ ኧረ በስመ አብ! ብላ ከሱቁ ሮጣ ወጣች። ከጨርቅና ከክር በቀር አንዳች ሳትነካ ሰፍታ አስረከበች፤ ወሩ ሳያልቅም ያለባትን አንድ ሳታስቀር ከፈለች። ምርቃቷ ሁለት ጥቅል ክር ሆነ።

መኪናዬ ተረፈችልኝ ብላ እንባዋን እየጠረገች ልትወጣ ስትል አቶ ወንድይራድ ጠራት። በሩ ላይ ወርቃማዋን ሊወስዱ የተሰለፉትን አንድ በአንድ ቃኘና ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንዲህ አላት፦

«ወይዘሮ አልጣሽ፣ ሰው ሁሉ እንደርስዎ ቢጠነቀቅ እኔ ምን በልቼ አድር ነበር?»